«የሚያልፍ ነው» ያለው አምባር

ማክሰኞ ዕለት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ፣ አንድ ነጭ አንሶላ ከመተኮሻው ማሽን ጠማማ ሆኖ ወጣ። ሰዓቱን የማውቀው ቀና ብዬ የግድግዳውን ሰዓት ስላየሁ ነው። ያየሁትም ተናድጄ ነው። ታላቅ እህቴ በሃያ ሦስት ዓመት ሥራዋ አንሶላ አጣማ አስገብታ አታውቅም፤ ያን ቀን ደግሞ ከምሳ በፊት መጨረስ ያለብን የሆስፒታል አንሶላ ሦስት ጋሪ ሙሉ ነበር። «እትዬ፣ ምን ነካሽ ዛሬ? ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው እንዴ የምታስገቢው?» ብዬ ጮኽኩባት። ለእህቴ የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው።

ማሽኑን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የምንሠራው የሆቴልና የሆስፒታል ልብስ የሚያጥብ ትልቅ ላውንደሪ ውስጥ ነው። መተኮሻው እንደ ግንድ የተጋደመ፣ የሚሽከረከር የጋለ ብረት ነው። እህቴ በወዲያ በኩል ቆማ እርጥቡን አንሶላ በሁለት ጫፉ ትይዛለች፣ ትወጥራለች፣ ጠርዙን አስተካክላ ታጎርሰዋለች። እኔ በወዲህ በኩል ደርቆና ተተኩሶ ሲወጣ ተቀብዬ አጥፋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ፊት ለፊት ቆመናል። በመካከላችን እንፋሎት ስላለ ደህና አንተያይም፤ የምንተዋወቀው በድምፅና በአንሶላ ነው። ስለዚህ ስትወድቅ አላየሁም። አንሶላ ሆዱ ውስጥ እያለ ማሽኑ አይቆምም፤ ከቆመ ይቃጠላል። እኔ ቂሏ ያ ጠማማ አንሶላ ወጥቶ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ተቀበልኩት፤ አጠፍኩትም። ከዚያ በኋላ ነው በማሽኑ ዙሪያ ዞሬ ላነጋግራት የሄድኩት።

በግራ ጎኗ ወድቃ ነበር። ግራ እጇ ላይ ያለው አምባር ሰማያዊ ብርሃን እያበራ ይርገበገብ ነበር።

እትዬ የሃምሳ አንድ ዓመት ሴት ነበረች። ሥራ ቦታ ሻለቃ ይሏታል፤ የሚያዝዛት ሳይሆን የምታዘው ሰው ስለማይጠፋ። እኔን የአርባ አራት ዓመቷን ሴትዮ «አንቺ ልጅ» እያለች ነው የምትጠራኝ። ባሏ ቀድሟት ከሞተ በኋላ አንድ ልጇን ለብቻዋ አሳደገች። ልጅቷ አሁን ስልክ ትጠግናለች፤ ይህን የምናገረው ወደኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት እትዬ ማረጥ ጀመረች። ሰውነቷ በድንገት ይግላል፣ ፊቷ ይቀላል፣ ላቡ በጀርባዋ ይወርዳል። እኛ ሴቶቹ ወላፈን ነበር የምንለው። ወላፈን ቤት ውስጥ ሲመጣ መስኮት ከፍተሽ ትቀመጫለሽ። እዚያ ከጋለ ብረት ፊት ሲመጣ ግን ከውጭም ከውስጥም ነው የምትነጂው። የሥራው ደንብ ደግሞ እጅ አውጥተሽ ተተኪ እስኪመጣልሽ ጠብቂ ይላል። ወንዶቹ ሲጋራ ሊያጨሱ ሲወጡ እጅ ሲያወጡ አይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን በወሩ ስብሰባ ላይ እትዬ ብድግ አለች። ሁሉም በሹክሹክታ የሚጠራውን ማረጥ የሚለውን ቃል መቶ ሰው ፊት ጮክ ብላ አለችው። እዚህ ክፍል ውስጥ የሚያርጡ ሴቶች አሉ፣ ወላፈን ሲነሳብን መስኮት አጠገብ ደርሰን እንመለስ፣ ከዚህ የበለጠ አልጠየቅንም አለች። አለቃችን ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሞላው ነው፤ አንገቱ ቀላ፣ ጣራውን ማየት ጀመረ።

«እማማ፣ እንዲህ ያለው ነገር ስብሰባ ላይ ባይነሳ…» አለ።

«እማማ አትበለኝ፤ አልወለድኩህም። ብወልድህ ኖሮ እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳ ጣራ ጣራ የምታይ አድርጌ አላሳድግህም ነበር።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ከመሳቅ በቀር ምርጫ አልነበረውም። በሁለተኛው ወር የድርጅቱ ነርስ አንድ ካርቶን አምባር ይዛ ወደ መተኮሻ ክፍል መጣች።

አምባሩ ግራጫ ጎማ ነው። በውስጥ በኩል የእጅ አንጓን የሚነካ ትንሽ ብረት አለው። የልብ ምትሽንና ላብሽን ይለካል፣ ከስልክሽ ጋርም ይነጋገራል። ወላፈን የመጣብሽ ሲመስለው ሰማያዊ ያበራል፣ ይርገበገባል፣ ብረቱም እንደ በረዶ ይቀዘቅዝና አንጓሽን ያበርደዋል። ስልክሽ ላይ «ወላፈን ነው። የሚያልፍ ነው። ቀስ ብለው ይተንፍሱ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ሰማያዊ የበራላት ሴት እጅ ሳታወጣ ሰባት ደቂቃ መስኮቱ ጋ መቆም ትችላለች።

እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎን ነበር። ከአጣፊዎቹ አንዷ፣ ቀኑን ሙሉ ስለምታወራ ሬዲዮ የምንላት ወዳጃችን፣ ባሌ በሃያ አምስት ዓመት ትዳር አንድ ጌጥ ገዝቶልኝ አያውቅም፣ ያረጥኩ ዕለት መሥሪያ ቤቴ አምባር አጠለቀልኝ እያለች ሰው ስታስቅ ሰነበተች። የብረቱ ቅዝቃዜ እውነተኛ ነበር። ሰባቱም ደቂቃ እውነተኛ ነበር። እትዬ አምባሩን ስታየው በጉልበቷ ያስመጣችው መሆኑን ታስባለች፣ ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር። ከሁላችንም ይልቅ ያመነችውም ለዚህ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት አምባሩ አንዳንዴ ሰማያዊ፣ አንዳንዴ ደግሞ ቀይ ያበራ ነበር። ቀይ ሲበራ የነርሷ ክፍል ውስጥ ደወል ይጮሃል፣ ነርሷ ትሮጣለች፣ ማሽኑ ይቆማል። ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ፎርም መጣ። «ማረጥ ጀምራለች» ወይም «አልጀመረችም» በሚሉት በአንዱ ላይ ምልክት አድርጎ መፈረም ነው። የመስኮቱ ዕረፍት ለጀመሩት ብቻ ነው ተባለ።

የእኔ የወር አበባ ያኔም ዛሬም ቀኑን አያዛንፍም። አልጀመርኩም ልል እስክሪብቶ ሳነሳ እትዬ እጄን ያዘች።

«አንቺ ልጅ፣ ፈርሚ። ዛሬ ባይሆን ነገ ታርጫለሽ። ሰባት ደቂቃውን ግን የምትፈልጊው ዛሬ ነው።»

ፈረምኩ። አሥራ ዘጠኛችንም ፈረምን። የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት፣ ገና ጡት የምታጠባ፣ አርጫለሁ ብላ ፈርማለች። ስንፈርም እንደ ተማሪ እየተጓሸምን እንስቅ ነበር። አለቃውን ያታለልነው መስሎን ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ቀይ መብራት የሚባል ነገር በመተኮሻ ክፍል አልታየም። አምባሩ ለመደን አልን።

ቀይ የታየው ሌላ ቦታ ነው። የእንፋሎት ጋኑን የሚያነደው ሰውዬም ያንኑ አምባር ያደርጋል፤ ለሙቀት ተብሎ ለእሱም ተሰጥቶታል። አንድ ቀን ደረጃውን በሩጫ ሲወጣ አምባሩ ቀይ በራ፣ ደወሉ ጮኸ፣ ነርሷ መጣች፣ አምቡላንስ ተጠራ። ሰውዬው ደህና ነኝ እያለ ቃሬዛ ላይ ተጫነ። የልብ ምርመራ አድርገውለት ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ሸኙት። ሬዲዮ ለአንድ ሳምንት ሙሽራው ስትለው ከረመች፤ ተሸክመውት ስለወጡ። እትዬ ከሁሉ የበለጠ ስቃበታለች።

ከመሞቷ ከሦስት ሳምንት በፊት ሥራ ላይ «ትከሻና ትከሻዬ መሃል የተሰካ ነገር አለ» አለችኝ። ከዚያ መንጋጋዋን ማሸት አመጣች። ጥርስ ነው አልን። ጠዋት ወደ ሥራ ስንሄድ ከድልድዩ በላይ ያለችው ዳገት ላይ ትቆማለች። እኔ ቀድሜ እሄድና ዞሬ ሳያት የሱቅ መስኮት የምታይ ትመስላለች። የተዘጋ ሱቅ ነበር። ላቧ ይቀዘቅዝ ነበር፤ ያ ወላፈን አይደለም፣ ወላፈን ያቃጥላል። ይህን ዛሬ ነው የምለው። ያኔ ግን ሁልጊዜ ሰማያዊ ይበራል፣ እሷ ስልኳን ታያለች፣ እኔ እጇን አያለሁ። ሁለታችንም ፊቷን አናይም።

ጤና ጣቢያ አብሬያት ሄጃለሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሲያወራ ደስ ይላል። ነርሷ ከአምባሩ አትማ የሰጠችንን ወረቀት ተቀበለና አየው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሰባ አራት ወላፈን ይላል። እሱ ሳቅ አለ።

«ማዘር፣ እናቴም እንደዚሁ ናት። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ስስ ልብስ፣ ትንሽ ዕረፍት። ያልፋል» አላት።

መንጋጋዋን ነገረችው። ጥርስ ሐኪም ይይልሽ አለ። ጀርባዋን ነገረችው። ሥራሽ ቆመሽ አይደል አለ። የልብ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ደረቷ ላይ አላስቀመጠውም። ስድስት ደቂቃ ነው የተቀመጥነው። እትዬ ግን ቤት ስትገባ፣ ወረፋውን ሳይጨምር ሩብ ሰዓት አየኝ ብላ ለልጇ አጋንና ነገረቻት፤ ጥሩ ሐኪም አገኘሁ ለማለት። እኔም አዎ አልኩ።

የዚያን ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአርባ ገደማ በእንፋሎቱ ውስጥ ጠራችኝ። ደህና አይደለሁም አለች። ዝቅ ብዬ በማሽኑ ሥር ሳያት እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። ሰማያዊ ነው። «ሂጂ በቃ መስኮቱ ጋ፣ ያልፋል» አልኳት። ሄደች፣ ሰባት ደቂቃዋን ቆመች፣ ተመለሰች። ለሁለተኛ ጊዜ ሰማያዊ ሲበራ አልሄደችም፤ ሦስት ጋሪ ነበረብን። እኔም ሂጂ አላልኳትም።

ወድቃ ሳገኛት ጮኼ ተጣራሁ፤ ነርሷ ስትሮጥ መጣች። መጀመሪያ ያየችው የእህቴን ዓይን ሳይሆን የእህቴን አንጓ ነው። ይህን አልረሳላትም። ከዚያ ደረቷን መጫን ጀመረች፤ አምቡላንስ እስኪመጣ ድረስ አላቋረጠችም፤ ይህንንም አልረሳላትም። ሆስፒታል ስንደርስ አልቆ ነበር። ተረኛዋ ሐኪም የልብ ደም ስር ተዘግቶባት ነው አለችን፤ ከዚያም በጣም በለሰለሰ ድምፅ ከዚህ በፊት ምልክት አልነበራትም ወይ ብላ ጠየቀች። መልሱን የእህቴ ልጅ እንዳትሰማ ብዬ ይዣት ወጣሁ። ሰባ አራት ጊዜ ነበራት። በወረቀት ታትሞ ነበረን።

በሦስተኛው ቀን አለቃችን ለሐዘን ቤት መጣ። ጥቁር ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ደህና ሰው ነበረች፣ መተኮሻ ክፍሉ ያለ እሷ ባዶ ነው አለ። አለቀሰም። ሲነሳ በሩ ጋ ጠራኝና ድምፁን ቀንሶ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን አምባሩ የድርጅቱ ንብረት ስለሆነ ቢመለስ አለኝ። የእህቴ ልጅ ከኋላዬ ቆማ ሰምታ ኖሯል።

«የእናቴ ቀሚስ፣ ጫማዋ፣ የራስ ሻሿና አምባሩ ሆስፒታል በሰጠን አንድ ፌስታል ውስጥ ነው ያሉት» አለችው። «ፌስታሉን ገና አልፈታሁትም። አንተ ልትፈታልኝ ነው?»

እሱ ጆሮው ደም መስሎ ወጣ። ልጅቷ ግን እናቷን ነው የመሰለችው። ያን ዕለት ከሰዓት ፌስታሉን ፈታችው። አምባሩን ከእናቷ ስልክ ጋር አገናኝታ ኮምፒውተር ላይ ሰካችውና መዝገቡን በሙሉ አወጣችው። ማክሰኞን ብቻ ልጻፈው፤ በቃሌ ነው የማውቀው።

ሦስት ሰዓት ከአርባ አንድ፦ የልብ ምት መቶ ሃያ ስምንት፣ ላብ። ወላፈን ነው። የሚያልፍ ነው።

ሦስት ሰዓት ከሃምሳ አምስት፦ የልብ ምት መቶ ሠላሳ ስድስት፣ ያልተስተካከለ፣ ላብ። ወላፈን ነው። የሚያልፍ ነው።

አራት ሰዓት ከስድስት፦ የልብ ምት መቶ አርባ አንድ፣ ያልተስተካከለ። ወላፈን ነው። ቀስ ብለው ይተንፍሱ።

አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት፦ ወላፈን ነው።

አራት ሰዓት ከአሥራ ሰባት፦ የልብ ምት አልተገኘም። አምባሩ ከእጅዎ ላይ ወልቋል። እባክዎ መልሰው ያጥልቁ።

አልወለቀም ነበር። እጇ ላይ ነበር። እኔ ያንን እጅ ይዤ ነበር።

የእህቴ ልጅ መስመሩን አንብባ ስትጨርስ ያልተስተካከለ የሚለውን ካወቀ ለምን ወላፈን አለው ብላ ጠየቀች፤ እኔን ሳይሆን ማሽኑን። የእንፋሎት ጋኑን ሰውዬ ጠራንና አምባሩን እንዲያውሰን ጠየቅነው። ራሱ ይዞት መጣ፤ አፍሮ ነበር፣ በምን እንዳፈረ እኔም አላወቅሁም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። አንድ ዓይነት ዕቃ ናቸው። ልዩነታቸው አንድ ምልክት ብቻ ነው። «ማረጥ ጀምራለች» የሚለው ምልክት ከተደረገበት አምባሩ የፈጠነ ልብንም፣ የተዛባ ልብንም፣ ላብንም ሁሉ ወላፈን ብሎ ይመዘግባል፤ የቀዩም ደወል ይዘጋል። ምልክት ያልተደረገበት ግን በመቶ ሠላሳ ቀይ ያበራል። ሰውዬው ደረጃ በሩጫ ስለወጣ አምቡላንስ መጣለት። እህቴ እየሞተች «ቀስ ብለሽ ተንፍሺ» ተባለች። ሰውዬው ወለሉ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። ሰውነቴ ሁሉ ነደደ፣ ላብ አጠመቀኝ። ያን ጊዜ አምባር አድርጌ ቢሆን ኖሮ ወላፈን ነው ይለኝ ነበር።

ሰኞ ሥራ ስመለስ በቀጥታ የገባሁት ነርሷ ክፍል ነው። ፎርሙ ምን እንደሚዘጋ ታውቂ ነበር ወይ አልኳት። በሩን ቆለፈችና ማልቀስ ጀመረች። እኔ ፊት አታልቅሺ፣ ተራሽ አይደለም፣ መልሱን ነው የመጣሁበት አልኳት። ዓይኗን ጠርጋ ነገረችኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ቀዩ በቀን ዘጠኝ ጊዜ፣ አሥር ጊዜ ይጮህ ነበር፤ ብዙው ከክፍሉ ሙቀት ነው፤ በጮኸ ቁጥር ማሽኑ ይቆማል። ለአለቃው ነገረችው። ምልክቱ ከተደረገ ደወሉ እንደሚዘጋ፣ ግን ሌላ በሽታ ቢመጣ እንደሚሸፍን ጭምር ነገረችው።

«እና ምን አለሽ?»

«ሁሉም ይፈርሙ አለ። የማይፈርሙ አሉ ስለው፣ ዕረፍቱን ለፈረሙት ብቻ አድርጊው፣ ያኔ ተጋፍተው ይፈርማሉ አለ።»

ተጋፍተን ፈረምን። እየሳቅን። ሰባቱ ደቂቃ ለእህቴ ድፍረት የተሰጠ ምላሽ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ማሽኑ እንዳይቆም የተጣለልን ፍርፋሪ ነው። ይህን ሴቶቹ ፊት ትናገሪያለሽ ወይ አልኳት። የምጦራት እናት አለችኝ፣ ሌላ ሥራ የለኝም አለች። እህቴም ልጅ ነበራት አልኩና ወጣሁ።

ረቡዕ ዕለት አለቃውና ከዋናው ቢሮ የመጣ ጠበቃ እኔንና የእህቴን ልጅ አስጠሩን። ጠበቃው ጨዋ ሰው ነው። የአምባሩን መመሪያ ገልጦ አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አሳየን፤ ይህ ዕቃ የሕክምና መሣሪያ አይደለም ይላል። ሟች አልጠየቁም እንጂ ቢጠይቁ ይነገራቸው ነበር አለ። የእህቴን ፎቶ በትልቁ አሳትመው መተኮሻ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉ ማሰባቸውንም ነገረን። በምትኩ አምባሩ ይመለስ፣ መዝገቡም የሟች የግል ጉዳይ ስለሆነ ሥራ ቦታ አይወራ።

«የግል ጉዳይ?» አልኩት። «ለጤና ጣቢያው ሐኪም አትማችሁ ስትልኩት የማን ጉዳይ ነበር?»

አለቃው ሠራተኛው እንዳይረበሽ ነው አለ። እኔ ግን ከእሱ ትከሻ በላይ በመስታወቱ ሬዲዮን ነበር የማየው። ፎጣ የሞላ ቅርጫት አቅፋ ደረጃ ትወጣለች። አምስት ደረጃ ወጥታ ቆመች፣ ቅርጫቱን አስቀመጠች፣ የደረጃውን መደገፊያ ያዘች። እጇ ላይ ሰማያዊ በራ። አንጓዋን አየችና ፈገግ አለች። ያን ፈገግታ አውቀዋለሁ። ተነስቼ ወጣሁ፤ ጠበቃው ገና እያወራ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ማሽኖቹ ሳይነሱ መተኮሻ ክፍሉ መሃል ያለው ማጠፊያ ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱን ዘረጋሁ። የእህቴን መዝገብ ማንበብ ጀመርኩ። ሦስት ሰዓት ከአርባ አንድን አነበብኩ። አለቃው ከቢሮው እየሮጠ ወረደ። ሊያስቆመኝ አልደፈረም፤ ሴቶቹ ከበውኝ ነበር። ሄዶ ማሽኑን አስነሳው። ያ ማሽን ሲዞር ጎን ለጎን የቆመ ሰው ካልተጯጯኸ አይሰማማም፤ እሱም ይህን ያውቃል። ማሽኑ ባዶውን ዞረ። አንሶላ የሚያጎርሰው ግን አልነበረም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ባዶውን ሲዞር አይቼው አላውቅም። እኔ እየጮኽኩ አነበብኩ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ አነበብኩ። ነርሷ የነገረችኝንም ተናገርኩ። እሷ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ሁሉም ዞረው ሲያይዋት አንገቷን ነቀነቀች፣ አዎ ለማለት። ከእሷ ያገኘሁት ይኸው ነው።

እኔን ጨምሮ አሥራ አንድ ሴቶች አምባራችንን አውልቀን ጠረጴዛው ላይ ጣልነው። ሰባቱ አላወለቁም። ከእነሱ አንዷ፣ ማሽን ሁለት ላይ የምትሠራ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች «የእህትሽን ነፍስ ይማር። እኔ ግን ወላፈኑ አለብኝ፤ ሰባት ደቂቃዬን አልሰጣቸውም» አለችኝ። ተናደድኩባት። እስካሁን እንደተናደድኩባት ነኝ።

ሬዲዮ ካወለቁት አንዷ ናት። አውልቃ ስትጥለው እንኳ ከሁለተኛ ባሌም ተፋታሁ ብላ ቀለደች፤ የሳቀ ሰው አልነበረም። ክንዷን ያዝኩና የሥራ ልብሳችንን ሳናወልቅ በቀጥታ ሆስፒታል ወሰድኳት። በመንገድ ላይ ስታወራ አልሰማኋትም፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ያለች ይመስለኛል። ሐኪሙ ስለ ማረጥ ከመጠየቁ በፊት፣ ልቧን ነው የሚያዩላት፣ ሌላውን በኋላ ይጠይቋታል አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና የልብ ምርመራውን አዘዘ።

አሥራ አንዳችን ከቀጣዩ ሰኞ ጀምሮ የመስኮት ዕረፍት ቀረብን፤ እንደ ድሮው እጅ ማውጣት ነው። ነርሷ በወሩ ለቀቀች። የእህቴን አምባር እስካሁን አልመለስንም፤ እኔና ልጇ ድርጅቱን ከሰን ጉዳዩ ቀጠሮ ላይ ነው። የሬዲዮ ልብ ደህና ነው አሉን። የተገኘባት ከባድ የደም ማነስ ነው፤ ከዚያው ሳምንት ጀምራ መድኃኒት ትወስዳለች።